ልጄን «ሲ» ላደረጉልኝ ክቡር ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤
በመምህራን ማረፊያና በደረጃው መካከል ባለው ቢሮዎ፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? በጠዋት ሰልፍ ላይ ምክትልዎ በድምፅ ማጉያው ሲናገሩ እርስዎ ከፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ያለ አንዳች ቃል ቆመው የሚከፍሉትን መሥዋዕትነት ከአጥሩ ውጭ ሆነን የምናይ ወላጆች ሁላችን ለወገብዎ ከልብ እንሳሳለን። ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳያንሰው፣ ደጅዎም ባለጉዳይ እንዳያጣ ዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለሁም ብልም በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ መጠራጠር ስለጀመርኩ፣ ደህና ነኝ ማለቱ ይቀለኛል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በድፍረት ሳይሆን በትእዛዝዎ ነው። «ፊደልን መኖር» የተሰኘው አዲሱ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ዘዴ በልጆቻችን ላይ ያመጣውን ለውጥ «ሳትሸማቀቁ፣ በግልጽ፣ በጽሑፍ» ገልጸን በበሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ እንድንለጥፍ ለወላጆች ሁሉ ወረቀት ልከዋል። እኔ ደግሞ በሙያዬ ጸሐፊ ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የአለቃዬን ደብዳቤ በመጻፍ ስለሆነ «በአክብሮት እንገልጻለን» ማለት «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት እንደሆነ፣ «ለሚያደርጉልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ማለትም «ወዮልህ» ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ስለዚህ በአክብሮት እገልጻለሁ።

ሰሌዳውን ቆመው ለሚያነቡና ልጃቸውን ገና ላላስመዘገቡ መንገደኞች ነገሩን ከሥሩ ባስረዳ ይቅር እንደሚሉኝ እተማመናለሁ። እንግሊዝኛ አንድን ድምፅ ለብዙ ፊደል የሚያከራይ ቋንቋ ነው። «ክ» ለማለት ሲም ትመጣለች፣ ኬም ይመጣል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ተያይዘው ይመጣሉ። ሲ ደግሞ እንዳሻት «ስ» ትሆናለች። በዚህ የተነሣ ልጆቻችን ድመትን በኬ፣ ንጉሥን በሲ እየጻፉ የፈተና ወረቀታቸው ቀይ በቀይ ሆኖ ይመለስ ነበር። ችግሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ ሃሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ በአንድ ድምፅ ሲጣሉ ነው ያደግነው። አለቃዬ «ሥራ»ን በእሳቱ ሰ በጻፈ ቁጥር ዝም ብዬ አርምለታለሁ እንጂ፣ ንጉሡን ሠ በአንገቱ አንጠልጥዬ ወደ ሚስቱ ሰድጄው አላውቅም።

እርስዎ ግን ከእኔ የበለጠ አርቀው አሰቡ። ከአንድ ሥልጠና ሲመለሱ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ፊደል በካርቶን አስጽፈው በአንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት፤ ልጁም እስከ መንፈቁ መጨረሻ በትምህርት ቤትም በቤትም በመንገድም የፊደሉን ሕግ እየጠበቀ እንዲኖር አዘዙ። ወላጅም «ፊደሉ ከልጁ ጋር ወደ ቤት ይመጣል፤ ቤተሰቡም ፊደሉን ያከብራል» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። በዚህ ሁኔታ የደረሰብንን ሁሉ ቅሬታ ብዬ መጥራት ስለሚከብደኝ፣ በተራ ቁጥር ምስጋና እያልኩ አቀርባለሁ።

አንደኛ ምስጋና። ልጄን ቤተሰቡና ጎረቤቱ «ራዲዮ» እያለ ነው የሚጠራት፤ ስትነሣ ትጀምራለች፣ እንቅልፍ ሲጥላት ትቋረጣለች። እርስዎ ራዲዮን ሲ አደረጉልኝ። መምህሯ እንዳስረዷት ሲ የራሷ ጠባይ የላትም፤ ከኋላዋ የሚከተላትን አይታ ነው የምትናገረው። ኢ፣ አይ ወይም ዋይ ከተከተላት ለስልሳ «ስ» ትላለች፤ ኤ፣ ኦ ወይም ዩ ከተከተላት ግን ጠንክራ «ክ» ትላለች። ልጄ ይህን ሰምታ ቤት እንደገባች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ለቤተሰቡ ፊደል ማደል ጀመረች። ባለቤቴ ረጅምና ቀጭን፣ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ያለ ሰው ስለሆነ አይ ሆነ። እኔን ለጥቂት ጊዜ ትክ ብላ አየችኝና ኦ አደረገችኝ። ምክንያቱን ስጠይቃት አፌ ተከፍቶ እንደማይዘጋ በትሕትና ነገረችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ከአባቷ ጎን ስትሆን ማር፣ ከእኔ ጎን ስትሆን ደግሞ ድንጋይ ሆነች። እሱ ጫማውን ቢጠይቅ «እሺ አባዬ» እያለች ጠርጋ ታመጣለታለች፤ እኔ ማንኪያ አቀብይኝ ስላት ካርቶኗን በጣቷ መታ አድርጋ ከኦ በፊት መለስለስ ሕጉ እንደማይፈቅድላት ታስረዳኛለች። ባለቤቴ ይህን ዘዴ በጣም ወደደው። ለእርስዎም የምስጋና ደብዳቤ ካልጻፍኩ ብሎ ነበር።

የወደደው ግን የቤት ሥራ እስኪመጣ ድረስ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨዋታዋን ትታ የሒሳብ ሥራዋን እንድትሠራ አዘዛት። ራዲዮ መሥራት አልፈለገችም፤ ግን ከአይ በፊት ስለቆመች እምቢ ማለት አልቻለችም። ፈገግ ብላ ወጣችና የጎረቤታችንን በር አንኳኩታ፣ ድንቡሼ የምንለውን የክፍል ጓደኛዋን በእጁ ይዛ ተመለሰች። ድንቡሼ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ኬ ነው። ልጁ ባለቤቴ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የሚያኝከውን እየዋጠም እንዲህ አለው፦

«ጋሼ፣ አትሠራም። እሷ እርስዎ ፊት ሆና ክ ማለት አትችልም። ከኢ እና ከአይ በፊት ክ የምለው እኔ ነኝ።»

ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴ የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው። በሁለት ፎቅ መካከል ተንጠልጥሎ የቀረ ሊፍት ውስጥ የሚጮኹ ሰዎችን በቀልድ እያረጋጋ የሚያወርድ ሰው ነው። በዚያን ቀን ግን አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እኔ ካልነገርኩዎት ማን ይነግርዎታል ብዬ ነው፣ ለአፍታ ኦ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንቡሼ ሳይጠራ የዋለበት ቀን የለም። የልጄን እምቢታ ሁሉ ቤታችን እየመጣ የሚፈጽመው እሱ ሆነ። ነርስ የሆነችው እናቱ ከሥራ ስትመለስ ልጇን ቤቷ ስለምታጣው፣ በቀጥታ እኛ በር ላይ መጥታ «ዛሬስ ስንት ጊዜ አስቸገራችሁ?» ብላ ትጠይቀኛለች። ጉርብትናችን ስለጠነከረ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ ምስጋና፣ ስለ ሕንፃችን ጥበቃ ነው። ሲ እና ኬ ተያይዘው የሚቆሙት ከአጭር ድምፅ በኋላ ብቻ እንደሆነ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ኋላ የሚለው «ባክ» ሁለቱንም አስከትሎ ይጻፋል፤ መጋገር የሚለው «ቤይክ» ግን ድምፁ ረጅም ስለሆነ ኬን ብቻ ይዞ፣ ከመጨረሻ ዝምተኛውን ኢ ያስቀምጣል። ራዲዮና ድንቡሼ ይህን ሕግ ሲማሩ «ድምፅ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ጠፋችባቸው መሰለኝ፣ አብረው መሆን የሚችሉት ከአጭር ሰው በኋላ ብቻ ነው ብለው አመኑ። ጓደኛሞች ናቸውና መለያየት አልሆነላቸውም። ፈልገው ፈልገው በአካባቢው ከሁሉ አጭር ሆኖ ያገኙት ጥበቃችንን ነው። ሰውየውን ገና ድሮ አንድ ተከራይ በቀልድ «ጠብደል» ብሎት፣ ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀርቷል።

ጠብደል በር ሲከፍት ሁለቱ ከኋላው ተያይዘው ይቆማሉ። ግቢውን ሲዞር ይከተሉታል። ረጅሙ ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ ደግሞ፣ ልጄ የድንቡሼን እጅ እንደ ጋለ ብረት ለቅቃ ትሮጣለች። ሰውየው መጀመሪያ ልጆቹ የወደዱት መስሎት ደስ ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ነገሩ ገርሞት ምክንያቱን ቢጠይቃቸው እውነቱን ነገሩት። በማግስቱ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ አድርጎ መጣ። ልጆቹ ቁመቱን አይተው ሲማከሩ ቆዩና በአክብሮት ጫማውን እንዲያወልቅ ለመኑት። እሱም በቀጥታ ወደ ሕንፃው ኮሚቴ ሄዶ፣ በተከራይ ልጆች በቁመቱ እየተሰደበ መሥራት እንደማይችል አመለከተ።

በኮሚቴው ፊት ቀርቤ ስለ እንግሊዝኛ አጭር አናባቢ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ አፌን እያዩ ነው የሰሙኝ። በመጨረሻ ነገሩ የተፈታው በእኔ ማስረጃ ሳይሆን ራዲዮ ከበር ላይ ሆና በተናገረችው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኮ እኔና እሱ አብረን መሆን አንችልም ነበር» አለችው። ጠብደል ማመልከቻውን መልሱልኝ አለ። ዛሬ ግቢውን ሲዞር ልጆቹ እንዳይደክሙበት ቀስ ብሎ ይራመዳል። ወፍራሙን ጫማ ለወንድሙ ሰጠው ይባላል።

ሦስተኛ ምስጋናዬ አጭር ነው፤ የእኔም አይደለም። የኪው እናት፣ በእንግሊዝኛ ኪው ያለ ዩ ስለማይጻፍ ልጃቸው ያለ ዩ አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስ ስላለ፣ ዩ የሆነውን ልጅ እስካሁን እያበሉና እያስተኙ መሆናቸውን፣ ኪው መጸዳጃ ቤት ሲገባም ዩ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀው እንድገልጽላቸው ለምነውኛል። ገልጫለሁ።

አራተኛው ምስጋና ስለ አባቴ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ይፍቀዱልኝ። አባቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ዕድሜውን ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ መነሻና መድረሻ ሲያውጅ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ የወጣ ዕለት ቤት ገብቶ ኮቱን ሰቀለ፤ ለአንድ ሰው የተመደበለትን ንግግር ተናግሮ እንደጨረሰ ነገረን፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ታሞ አይደለም፣ ተቀይሞም አይደለም። ሐኪም ቢያየው ጉሮሮው ከእኔ ይሻላል። ስንበላ ከገበታው ጫፍ ይቀመጣል፣ ስንጫወት ከሶፋው ጫፍ ይቀመጣል፤ እኛም ቀስ በቀስ ቤት ውስጥ እንዳለ ዕቃ ለመድነው። እውነቱን ልናገርና፣ እንግዳ ሲመጣ ማስተዋወቁን እስከ መርሳት ደርሰን ነበር።

ራዲዮ ለቤተሰቡ ፊደል ስታድል ለእሱ ብዙ አላሰበችም። ከትርፍ ካርቶን ላይ ኢ ጽፋ በክር አንገቱ ላይ አሰረችለትና፣ ኢ ከቃል መጨረሻ ሲቀመጥ ምንም ድምፅ እንደሌለው፣ ግን ዝም ብሎ በመቀመጡ ብቻ ከፊቱ ያለውን አናባቢ፣ በ«ቤይክ» ውስጥ እንዳለው ኤ፣ የራሱን ስም እንዲናገር እንደሚያደርገው፣ ኢ ከጎደለ ቃሉ ሌላ ቃል እንደሚሆን አስረዳችው። አባቴ ካርቶኑን በመነጽሩ አገላብጦ አየው። አላወለቀውም። በማግስቱ ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካርቶኑን ከሸሚዙ ላይ አስተካክሎ ከገበታው ጫፍ ተቀመጠ፤ አቀማመጡ ግን ሥራ ላይ የተሰየመ ሰው አቀማመጥ ነበር። እኔም እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀምጬ «አባዬ፣ እንዴት አደርክ?» አልኩት። ለካ ከጠየቅኩት ቆይቻለሁ። ይህኛው ምስጋና ጥርስ የለውም፣ ክቡር ሆይ፤ እንዳለ ይቀበሉት።

አምስተኛው ግን ጥርስ አለው። ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ የመጡ ዕለት፣ ዘዴው የሚታይበት ክፍል የልጄ ክፍል እንዲሆን መርጠው ወላጆችንም ጋበዙ። እኔ ከአለቃዬ አስፈቅጄ መጥቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እርስዎ ከፊት ቆመዋል፤ ምክትልዎ ከጎንዎ ሆነው ስለ ዘዴው ያብራራሉ። ተቆጣጣሪዋ በጣም ደግ ሴት ናቸው፤ ራዲዮን አስነሥተው ስለ ሲ ሲጠይቋት፣ ከማን ጋር እንደምትለሰልስ፣ ከማን ጋር እንደምትጠነክር፣ የጠንካራውን ሥራ ለኬ የምትለቀው መቼ እንደሆነ እንደ ውኃ አፈሰሰችላቸው። ክፍሉ አጨበጨበ። እርስዎም እንደ ሙሽራ አባት አንገትዎን ቀና አደረጉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ዛሬ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ግን በቀልድ፣ ርዕሰ መምህርሽስ ምን ፊደል ናቸው ብለው ጠየቋት።

ልጄ ሕጉን እንደተማረችው ከጎንዎ ማን እንዳለ አየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«በቢላዋ ፊት ያለው ኬ ናቸው። ከፊት ይቆማሉ፤ ሲጻፍ የግድ ያስፈልጋሉ። ሲነበብ ግን የሚሰሙት ምክትላቸው ናቸው።»

ቢላዋ በእንግሊዝኛ በኬ ተጀምሮ «ናይፍ» ተብሎ እንደሚነበብ በክፍሉ ውስጥ ያልገባው ወላጅ ቢኖር፣ ተቆጣጣሪዋ ሲስቁ ገባው።

ከሰዓት በኋላ የእገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ። እንደ ሙያ ባልደረባ አጻጻፉን አድንቄያለሁ፤ ልጄ «ከዕድሜዋ በላይ የሆነ የፊደል ትንታኔ በአደባባይ በመስጠቷ» ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ከትምህርት ገበታ መታገዷን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልጎደለበትም። በአክብሮት ነበር የተገለጸው።

ራዲዮ ያን ሳምንት ቤት ውላለች። ከእኔ ጎን ስትቀመጥ አትጠነክርም፣ ከአባቷ ጎን ስትቀመጥም አትለሰልስም። ካርቶኗን ግን አላወለቀችም። አንድ ቀን ልብስ ሳጥፍ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ «እማዬ፣ ሕጉን ተሳስቼ ነው?» አለችኝ። እኔ ለስንት ኃላፊ ስንት ማብራሪያ የጻፍኩ ሴት፣ ሁለት መልስ በልቤ መዘንኩ። አልተሳሳትሽም ብላት ትምህርት ቤት አትመለስም፤ ተሳስተሻል ብላት ደግሞ ሁለተኛ ፊደል አታምንም። ሸሚዙን ሦስቴ አጥፌ ሦስቴ ፈታሁት። በመጨረሻ ሕጉን እንዳልሳተች ነገርኳት። ይቅርታውንም አላስጠየቅኳትም።

በልጄ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ድንቡሼ እንዲያነብ ሲነሣ፣ ሲ ያለችበት ቃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። መምህሯ እንዲቀጥል ሲያዙት ቦታው የእሷ እንደሆነ፣ ስትመጣ እንደምታነበው ይነግራቸዋል። ድመት አይነበብ፣ ከተማ አይነበብ፣ የግድግዳ ሰዓት አይነበብ። ሲ እና ኬ የተያያዙበት ቃል ሁሉ ግማሽ ሆኖ ቀረ። ሌሎቹም ልጆች እሱን እያዩ መዝለል ጀመሩ። መምህሯ የልጁን እናት አስጠርተው ቢያነጋግሩ፣ ነርሷ «ልጄ የሌላ ሰው ሥራ እንዳይነካ ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ» ብላ ወደ ሕመምተኞቿ ተመለሰች።

በዚህ መሀል ነው አባቴ ጠዋት ተነሥቶ የሰቀለውን የሥራ ኮት ያወረደው። ኮቱን ለበሰ፤ ካርቶኑን ከላይ አደረገ፤ ከዘራውን ይዞ ወጣ። የት እንደሚሄድ ብጠይቀው አልመለሰልኝም፤ ኢ ነውና። የቀረውን የሰማሁት ከጸሐፊዎ ነው። እባክዎ አይቆጧት፤ እኛ ጸሐፊዎች በር ስንዘጋ ጆሯችን ውስጥ ይቀርብናል፣ የሙያ ሕመም ነው።

አባቴ ቢሮዎ ገብቶ ከእንግዳ ወንበሮቹ የመጨረሻው ላይ ተቀመጠ። ጉዳዩን ጠየቁት፤ ዝም። ውኃ አስመጡለት፤ ጠጣና ዝም። ቀጠሮ ይያዝልዎ አሉት፤ ዝም። ምክትልዎን ጠሩ፤ ምክትልዎም ስለ ተቋሙ ደንብ ለረጅም ጊዜ አስረድተውት ላባቸውን እየጠረጉ ወጡ። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ተነሥቶ እጅ ነሥቶዎት ሄደ። በማግስቱም መጣ። እንዲህ እያለ ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጸሐፊዎ እንደነገረችኝ፣ ባለጉዳይ በሌለበት ከሰዓት በኋላ እርስዎ መናገር ጀመሩ። መጀመሪያ ስለ ሥራ ጫና ነበር። ከዚያ ስለ ተቆጣጣሪዋ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ልጅ ሳሉ ኩሽና የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሰሌዳ ላይ ተሳስተው ጽፈው መምህርዎ እንደሳቁብዎት፣ ክፍሉም በዚያ ስሕተት ስም አውጥቶልዎ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ በእሱ ሲጠራዎት እንደኖረ ነገሩት። ያን ስምም ጮክ ብለው ተናገሩት። ማንም ልጅ እንደዚያ እንዳይጠራ ነው ይህን ሁሉ ካርቶን ያስቆረጥኩት አሉ።

ስሙን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። እዚህ አልጽፈውም። የእርስዎ ሰሌዳ ብዙ አንባቢ አለው፤ እኔም የሰው ስሕተት አንገት ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመስል ከበቂ በላይ አይቻለሁ።

አባቴ ሰምቶ ሲጨርስ እጁን ትከሻዎ ላይ አሳረፈና ወጣ። በማግስቱ ልጄን እንዳመጣ ስልክ ተደወለልኝ፤ የደወሉት ምክትልዎ ሳይሆኑ እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ድምፅዎን በስልክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው ብዬ ልዘጋ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ራዲዮን ቢሮዎ ይዣት ስገባ ይቅርታ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀች፣ እርስዎም አልጠየቁ። ጉሮሮዎን ጠርገው፣ ታዲያ አሁንስ እኔ ምን ፊደል ነኝ አሏት። ልጄ ዙሪያውን አየች፤ ምክትልዎ አልነበሩም፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ አያቷ ተቀምጧል። «አያቴ አጠገብዎ ሲቀመጥ ስምዎን እንደተናገሩ እማዬ ነግራኛለች» አለች፤ «እንግዲያው አናባቢ ነዎት።» ክቡር ሆይ፣ እኔ በመሥሪያ ቤቴ የብዙ ሰው የዕድገት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። እንደዚያን ቀን ፊቱ የበራ ተሿሚ ግን አላየሁም።

ራዲዮ ክፍሏ ስትገባ ድንቡሼ ቆሞ ያነብ ነበር አሉ። ዘሎ የተዋቸውን ቃላት ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥተው ሁለቱ እየተቀባበሉ አነበቧቸው፤ የእረፍት ደወል ቢደወልም የወጣ ልጅ የለም። በመንፈቁ ፈተናም አንዱም ልጅ ድመትን በኬ አልጻፈም። ዘዴዎ ሠርቷል። ይህን መናገር እንዴት እንደሚያንገበግበኝ ባውቅ ኖሮ ገና ሲጀመር ለልጄ የግል አስጠኚ እቀጥርላት ነበር።

እንግዲህ የቀረኝ ልመና ጥቂት ነው። የልጆቹን ካርቶኖች እንደሰበሰቡ የአባቴንም እንዲሰበስቡ አልጠይቅም፤ እሱ ተመድቦ ይሠራል። በየጠዋቱ ኮቱን ለብሶ ወደ እርስዎ ሲመጣ ግን ምሳውን አብልተው እንዲመልሱልን፣ ለምክትልዎም በሳምንት አንድ ቀን እሱን እንዲያውሷቸው በትሕትና እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም ከደንቡ በታች የተደበቀ ስም ይኖራቸው ይሆናል። ስላደረጉልን፣ ስላላደረጉልን፣ ሊያደርጉልን አስበው ስለተዉልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ለሚያደርጉልንም ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ። የዚህን ሐረግ ትርጉም ከላይ አስረድቻለሁ።

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ ወንበርዎን እያከበርኩ፣ ከሰሌዳው ሥር ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፤

የሲ እናት፣ የአይ ባለቤት፣ የኢ ልጅ፣
በራሷም ኦ ለመሆን የተገደደች፤
ታማኝ ወላጅዎ

ግልባጭ፦
ለሕንፃው ጥበቃ (ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት)
ለኪው እናት (ዩ ከተመለሰ በኋላ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስመጣ ሌላ ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ አገኘሁ። ዘዴው ባስገኘው ውጤት በመበረታታት፣ ከመጪው መንፈቅ ጀምሮ ወላጆችም አንዳንድ ፊደል መርጠን በአንገታችን እንድናንጠለጥል መወሰንዎን ይገልጻል። እኔ ኤክስን መርጫለሁ። በእንግሊዝኛ ብዙ ሥራ የላትም ይላሉ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ስሕተት በተገኘበት ቦታ ሁሉ ስትደረግ ነው፤ ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ሰኞ ጠዋት ከቢሮዎ እጀምራለሁ።